የራስ ቅማልን በሴት ተማሪዎች መካከል መከላከል፦ ከእምነቱ እስከ ሚዶው

በአንዳንድ ትምህርት ቤቶቻችን የራስ ቅማል የሚታከመው በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ነው። ጥፍር ይታያል፣ ዩኒፎርም ይታያል፣ ከዚያ ፀጉር ይገለጣል። ቅማል የተገኘባት ልጅ በጓደኞቿ ፊት ተለይታ ትወጣና "ተላጭተሽ ነይ" ተብላ ወደ ቤቷ ትሸኛለች። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ሌላዋ ትወጣለች። ሰልፉ ቅማሉን ባያጠፋም አንድ ነገር ያስተምራል፤ ልጃገረዶቹ የሚያሳክካቸውን መደበቅ ይማራሉ። የተደበቀ ቅማል ደግሞ እንደ ልቡ ይራባል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት የጤና ወይም የሴቶች ክበብ ለሚመሩ መምህራን፣ ለክፍል ኃላፊዎችና ለእናቶች ነው። በተለይ ያሰብኩት ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉትን ልጃገረዶች ነው። ፀጉራቸው ረዥም ነው፣ እርስ በርስ ይሠራራሉ፣ ሦስት ሆነው በአንድ ዴስክ ተቀምጠው አንድ መጽሐፍ ላይ ጭንቅላት ለጭንቅላት ይገጥማሉ። "ቅማላም" የሚለው ስድብም አጥንት ድረስ የሚሰማበት ዕድሜ ላይ ናቸው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ሚዶ፣ ጥርሱ ሰፋ ያለ ሌላ ሚዶ፣ ኮንዲሽነር፣ ነጭ ጨርቅ፣ ሶፍት፣ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል፣ እና ለአንድ ወር ያህል በሳምንት አንድ ሰዓት። ቅደም ተከተሉን ግን አትገለባብጡት። ልጅቷ ስለ ቅማል ያላት እምነት ሳይነካ ሚዶ ብትሰጧት ሚዶው ቦርሳዋ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል።

እርምጃ 1፦ በቅድሚያ እናንተ ራሳችሁ ቅማሉን ዕወቁት

ያደገ የራስ ቅማል ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሰሊጥ ፍሬ ያህላል። አይዘልም፣ አይበርም። ፀጉር በጥፍሩ ይዞ ይሄዳል፤ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው የሚሻገረውም ሁለቱ ራሶች ሲነካኩ ነው። ውሻ፣ በግ ወይም ዶሮ ላይ አይኖርም፤ ኑሮው ሰው ላይ ብቻ ነው። በቀን ደጋግሞ ደም ስለሚመገብ ከራስ ላይ ከወደቀ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል።

ሴቷ በቀን ከ6 እስከ 8 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉን፣ ማለትም ቅጫሙን፣ ከራስ ቆዳ አጠገብ የፀጉሩ ዘንግ ላይ በሙጫ ታጣብቀዋለች። ቅጫሙ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ደግሞ ከ9 እስከ 12 ቀን ውስጥ አድጎ በተራው እንቁላል ለመጣል ይደርሳል። አንድ ያደገ ቅማል ራስ ላይ 30 ቀን ያህል ይኖራል።

እነዚህን ቁጥሮች በቃላችሁ ያዙ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምክር ሁሉ የሚወጣው ከእነሱ ነው። ዛሬ ያሉትን ቅማሎች በሙሉ ብትገድሉ ቅጫሙ በሳምንቱ ይፈለፈላል። አንድ ጊዜ ታክሞ መተው የማይበቃው ለዚህ ነው። ለሦስት ሳምንት ሳይፈታ የቆየ ሹሩባ ለአንድ ሙሉ ትውልድ ቅማል በቂ ጊዜ ነው፤ ቅጫም ሆኖ የገባው እናት ሆኖ ይወጣል።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የራስ ቅማልና የልብስ ቅማል አንድ አይደሉም። የልብስ ቅማል በልብስ ስፌት ውስጥ ይኖራል፤ ተስቦንና ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት የሚያስተላልፈው እሱ ነው። ኢትዮጵያ ግርሻ እስከ ዛሬ ካልጠፋባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። ጦርነት፣ እስር ቤት፣ የተጨናነቀ መጠለያ፣ ልብስ የሚቀየርበት ውሃና ሳሙና ያልነበረበት ጊዜ ያዩ አያቶች ቅማል ሲባል ፊታቸው የሚለወጠው በከንቱ አይደለም፤ ያ ቅማል ሰው ፈጅቷል። የልጅቷ ራስ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው፤ በሽታ አስተላላፊነቱ አልተረጋገጠም። ጉዳቱ ማሳከክ፣ እንቅልፍ መንሳት፣ ሲታከክም መቁሰል ነው። ወላጆች ሁለቱን ስለሚያምታቱ ለራስ ቅማል የማይመጥን ድንጋጤ ይደነግጣሉ፤ ከድንጋጤው ደግሞ ላምባውና ምላጩ ይመጣል።

እርምጃ 2፦ ከማስተማራችሁ በፊት ስሙ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት አንድ ነገር ግራ አጋብቶት ነበር። ኤክስሬይ የጫኑ መኪናዎች በየሰፈሩ እየቆሙ ለሳንባ ነቀርሳ በነፃ ይመረምራሉ፤ ብዙ ሰው ግን አይመጣም። እነ ጎድፍሬይ ሆክባውምና ኧርዊን ሮዘንስቶክ ምክንያቱን ሲፈልጉ ያገኙት የዕውቀት ማነስን ብቻ አልነበረም። ሰው ለመመርመር የሚነሳው "በሽታው እኔንም ሊይዘኝ ይችላል" ብሎ ሲያምን፣ ቢይዘኝ ይጎዳኛል ሲል፣ መመርመሩ እንደሚጠቅመው ሲገባው፣ የሚያግደው ነገርም ከጥቅሙ ሲያንስበት ነው። የሚቀሰቅስ ምልክትም ያስፈልገዋል። በ1988 ደግሞ ሮዘንስቶክና ባልደረቦቹ አንድ ጨመሩበት፤ "እችለዋለሁ" የሚል በራስ መተማመን። የጤና እምነት ሞዴል የሚባለው ይኸው ነው። ስሙ ይከብዳል፤ ለራስ ቅማል ግን ልክ የተሰፋ ነው።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። ክበቡ ሲሰበሰብ ለእያንዳንዷ ልጅ ቁራጭ ወረቀት ስጡ። ስም አይጻፍበትም። የእጅ ጽሑፏ እንዳይታወቅ በትልልቅ ፊደል ብትጽፍ ይሻላል። ከዚያ እነዚህን ጠይቁ፦

"ቅማል ከየት የሚመጣ ይመስልሻል?"
"ከክፍላችን ልጆች ቅማል ሊይዛቸው የሚችል ስንቶቹ ናቸው? አንቺንስ?"
"ቢይዝሽ ለማን ትነግሪያለሽ? ለማን ፈጽሞ አትነግሪም?"
"ቤት ውስጥ ምን ይደረግልሻል?"
"የቅርብ ጓደኛሽ ሚዶሽን ብትለምንሽ እንቢ ማለት ትችያለሽ?"

ወረቀቶቹን በካርቶን ሰብስቡና ለብቻችሁ ሆናችሁ አንብቡ። "ሌሎቹን ይይዛል፣ እኔን ግን አይዘኝም፤ ንጹሕ ነኝ" የሚል ከበዛ ሥራችሁ ቅማል ንጹሕ ራስንም እንደሚይዝ ማሳየት ነው። "ለማንም አልናገርም፣ ይስቁብኛል" የሚል ከበዛ የትምህርት ገለጻውን አቆዩትና የስድቡን ነገር ያዙ። እንደኔ እምነት ትልቁ አጥር ይሄ ነው። ማሳከኩን ሁሉም ይችለዋል፤ መሳቂያ መሆንን የምትችል የ12 ዓመት ልጅ ግን ጥቂት ናት። "እንቢ ማለት አልችልም" ካሉ ደግሞ ልምምድ ያስፈልጋቸዋል፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

እርምጃ 3፦ እምነቶቹን አንድ በአንድ፣ ሳታንቋሽሹ

ወረቀቱ ላይ የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። "ውሸት ነው" ብላችሁ አትጀምሩ። ያንን የነገረቻት አያቷ ናት፤ አያቷን የሚያሳንስ መምህር ደግሞ አይሰማም።

*ቅማል ከቆሻሻ ይፈጠራል።* ቅማል ከሌላ ቅማል እንጂ ከእድፍ አይፈጠርም። በየቀኑ የታጠበ ፀጉር ላይም ደም አለ፤ እሱ የሚፈልገው ደም ነው። መታጠብ መልካም ቢሆንም ቅጫሙ በሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ በሻምፖ አይለቅም፤ ቅማሉም ፀጉር ጨብጦ ስለሚይዝ ውሃ አይወስደውም። ይህን ስትናገሩ የልጆቹን ፊት ተመልከቱ። አንዳንዷ ትልቅ ሸክም የወረደላት ትመስላለች።

*ቅማል ከሐሳብና ከጭንቀት ይፈላል።* ይህን ሽማግሌዎች ሲሉ ትሰማላችሁ። መነሻው ሳይገባን አይቀርም፤ ያዘነ ወይም የታመመ ሰው ራሱን አይጠብቅም፣ ፀጉሩን የሚያይለትም አያገኝም። ስለዚህ "ሐሳብ ቅማል አይፈጥርም፤ ነገር ግን ያሰበች ልጅ ፀጉሯን የሚያይላት ያስፈልጋታል" በሏቸው። እምነቱን ወደ እርዳታ ማዞር ከመካድ ይቀላል።

*ቅቤ ይገድለዋል።* ቅቤ ፀጉሩን ስለሚያለሰልስ ማበጠሩን ሊያቀል ይችላል፤ ቅጫሙን ግን አይገድልም። ቅቤ መቀባት ለሚወዱ አትከልክሉ፤ መድኃኒት አድርገው እንዳይተማመኑበት ብቻ ንገሩ።

*ካልተላጨ አይጠፋም።* ፀጉር ከሌለ ቅማል የለም፤ ይህ እውነት ነው። ዋጋውን ግን ቁጠሩ። በአገራችን የተላጨ የሴት ራስ ሐዘን ነው፣ ወይም ነገር አለበት። ልጅቷ ሻሽ አስራ ብትመጣም ሁሉም ያውቃል። ከዚያ በኋላ ማንም "አሳከከኝ" ብሎ አይናገርም። አንድ ምላጭ ለብዙ ራስ ሲውል በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ይከተላሉ፤ የመላጫ ማሽን ደግሞ ቆረቆርን ከራስ ወደ ራስ ያዞራል። ሚዶና ሁለት ሳምንት የሚጨርሱትን ሥራ በምላጭ መሥራት አያስፈልግም።

*ሹሩባ ከተሠራሁ አይዘኝም።* ግማሹ ልክ ነው። የታሰረ ፀጉር ከተበተነ ፀጉር ያነሰ ይነካካል። ሆኖም ሹሩባው ከመሠራቱ በፊት የገባውን ይሸፍነዋል። ሹሩባ ሲሠራ ደግሞ ልጆቹ በተራ ጭን ላይ ተደፍተው፣ በአንድ ሚዶ፣ አንዷ ተነስታ ሌላዋ ትተካለች። ሹሩባ ሠሪዋን "ሚዶውን በየመሃሉ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሪልን" ማለት ነውር የለውም። 54 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ በሞቀ ውሃ፣ ማለትም እጅ የማያስገባ ዓይነት፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ሁለት ሚዶ ካላት አንዱ ሲነከር በሌላው ትሠራለች።

እርምጃ 4፦ መፈተሽ

በሰልፍ ላይ አይሁን፣ በክፍል ውስጥ በሌሎች ፊትም አይሁን። ጥሩው መንገድ ለልጆቹ አሠራሩን አስተምሮ ፍተሻውን ቤታቸው ከእናት፣ ከእህት ወይም ከምታምናት ጓደኛ ጋር እንዲያደርጉት ማድረግ ነው። በትምህርት ቤት ማድረግ ግድ ከሆነ በሩ ይዘጋ፣ አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ ትግባ፣ ፈታሿም ሴት መምህርት ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትሁን። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 16 ፓኬጆች ነበሩት፤ የግል ንጽሕና አንዱ ነው። ስለዚህ ቀበሌያችሁ ያለችውን ሠራተኛ ስትጠሩ ከሥራዋ ውጪ እያስቸገራችኋት አይደለም።

ደረቅ ፀጉር ገለጥ ገለጥ አድርጎ ማየት ብዙ ቅማል ያሳልፋል፤ ብርሃን ይሸሻልና። በእርጥብ ፀጉር ላይ ማበጠር ይሻላል። አሠራሩ ይህ ነው፦

1. ልጅቷን መስኮት አጠገብ፣ ጀርባዋን ለብርሃን ሰጥታ አስቀምጡ። ትከሻዋ ላይ ነጭ ጨርቅ አልብሱ።
2. ሹሩባ ካለ ይፈታ። ፀጉሩን አርጥቡ፤ ውሃ ችግር በሆነበት አንድ ጆግ ይበቃል። ከዚያ ኮንዲሽነር ሳትቆጥቡ ቀቡ። ኮንዲሽነሩ ቅማሉን ለጊዜው ከመሮጥ ያግደዋል፣ ሚዶውንም ያሳልፈዋል።
3. ጥርሱ ሰፊ በሆነው ሚዶ ፀጉሩን ፍቱት። ከርዳዳ ፀጉር ላይ ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ልጅቷን ያስለቅሳታል፤ ሁለተኛም አትመጣለትም።
4. ፀጉሩን አራት ቦታ ክፈሉ፤ ከዚያ ከየክፍሉ ጣት የምታህል ቀጭን ጉንጉን እየወሰዳችሁ ጥቅጥቁን ሚዶ ከራስ ቆዳ አስነክታችሁ እስከ ጫፍ ሳቡ። የጥርሶቹ ክፍተት ከ0.3 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ቅማሉን ይይዛል።
5. በእያንዳንዱ ስበት ሚዶውን ነጭ ሶፍት ላይ ጥረጉና እዩ።
6. ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት ጀምሩ፤ የሚወዱት ቦታ እሱ ነው።

ረዥም ፀጉር 30 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ፀጉሩ በጣም ከርዳዳ ሆኖ ጥቅጥቁ ሚዶ አልገባ ካለ አታስገድዱት። በሚዶው ጭራ ፀጉሩን በመስመር በመስመር እየከፈላችሁ በዓይን ፈልጉ፣ ያገኛችሁትን በጣት ልቀሙ፤ እንዲህ ላለው ፀጉር ከታች የማነሳው መድኃኒት ይበልጥ ያስፈልጋል። የተለቀመውን በጥፍር መጨፍለቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ሶፍቱን አጣጥፎ ሙቅ ውሃ ውስጥ መክተት ግን ንጹሕ ነው። የልብስ ቅማልን መጨፍለቅማ ጭራሽ አደገኛ ልማድ ነው። ግርሻ ወደ ሰው የሚገባው ከተጨፈለቀው ቅማል በሚወጣው ፈሳሽ ነው፤ የተቧጨረ ቆዳ ካገኘ በዚያ ይገባል።

"ተገኘ" የሚባለው የሚንቀሳቀስ ቅማል ሲታይ ነው። ቅጫም ብቻ ካለ ቦታውን እዩ። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ስለዚህ ከራስ ቆዳ 1 ሴንቲ ሜትር ርቆ የተጣበቀ ቅጫም ባዶ ቅርፊት ወይም የሞተ ነው ማለት ይቻላል። ፎሮፎርን ከቅጫም ለመለየት በጣት ግፉት። ፎሮፎር ይረግፋል፤ ቅጫም አይንቀሳቀስም። አለማሳከኩንም ማስረጃ አታድርጉ። ማሳከኩ የቆዳው ቁጣ በመሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘች ልጅ እስከ 4 ወይም 6 ሳምንት ምንም ላይሰማት ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ታስተላልፋለች።

እርምጃ 5፦ ማጥፋት

ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱንም አብሮ ማስኬድ ይቻላል።

የመጀመሪያው ሚዶ ብቻ ነው። ከላይ እንደተባለው በእርጥብ ፀጉር ማበጠርን በ1ኛው፣ በ5ኛው፣ በ9ኛውና በ13ኛው ቀን ድገሙ፤ በ17ኛው ቀን አንድ ጊዜ ፈትሹ። ቀኖቹ የተመረጡት አዲስ የሚፈለፈለው ሳያድግ፣ እንቁላልም ሳይጥል እንዲያዝ ነው። ስለዚህ "ዛሬ አልተመቸኝም" ተብሎ አንድ ዙር ከተዘለለ ቆጠራው ይበላሻል። ገንዘብ አያስወጣም፤ ትዕግሥት ያስወጣል።

ሁለተኛው የመድኃኒት መንገድ ነው። በብዛት የሚታወቀው ፐርሜትሪን 1% ነው። ፀጉሩ ኮንዲሽነር በሌለው ሻምፖ ይታጠባል፣ በፎጣ ይደርቃል፤ እርጥበቱ ሳይለቅ መድኃኒቱ ከሥር እስከ ጫፍ ይቀባል። 10 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል። ዓይን በደረቅ ፎጣ ይሸፈን። ለአንድ ሁለት ቀን ፀጉሩ ዳግም አይታጠብ። በ9ኛው ቀን ይደገማል፤ ድግሙ የማይቀር ነው። ለእከክ የሚሰጠው 5% የሆነው ቅባት ሌላ ነገር ነውና ፋርማሲ ስትጠይቁ "ለራስ ቅማል" ብላችሁ ተናገሩ። ዕድሜው ሁለት ወር ላልሞላ ሕፃን አይቀባም፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ባለሙያ ታማክር።

መድኃኒቱ ከተቀባ ከ8 እስከ 12 ሰዓት በኋላ እዩ። ቅማሎቹ ቀስ እያሉ የሚድሁ ከሆነ እየሠራ ነው፤ በሚዶ ጨርሷቸው። እንደ ወትሮው የሚሮጡ ከሆነ ግን መድኃኒቱን ተላምደውታል፤ ይህ በብዙ አገር የታየ ነው። ያንኑ ደጋግሞ መቀባት አይረዳም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሌላ ዓይነት መጠየቅ ይሻላል። በዚያው ቀን ቤት ውስጥ ያሉ ሁሉ ይፈተሹ። የሚታከሙት ግን ቅማል የተገኘባቸውና ከልጅቷ ጋር አንድ መኝታ የሚጋሩት ናቸው።

የማይቀባው

ላምባ ወይም ነጭ ጋዝ አይቀባም። ቆዳን ያቃጥላል፤ ከሰል ምድጃ ወይም ሻማ አጠገብ ሆና ፀጉሯ እሳት ቢይዝ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። ሕፃን ከጠርሙሱ ቢጠጣ ደግሞ ወደ ሳንባ ይገባል። ከጠጣ አታስመልሱት፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ለእህል ነቀዝ የሚነሰነስ ዱቄት፣ ለሰብል የሚረጭ ማላታይን፣ ለወባ ለዓመታት ቤት ውስጥ ሲረጭ የነበረው ዲዲቲ፣ የበረሮ መርጫ፤ እነዚህ አንዳቸውም ለልጅ ራስ አልተሠሩም። "ትንሽ ብቻ" የሚባል ነገር የለም፤ የራስ ቆዳ የታከከና የቆሰለ ስለሆነ ይመጠዋል። ተደርጎ ከተገኘ ልብሷን አውልቁ፣ ራሷንና ገላዋን በሳሙና በብዙ ውሃ እጠቡ። ምራቋ ከበዛ፣ ካስመለሳት፣ የዓይኗ ብሌን ከጠበበ ወይም መተንፈስ ካቃታት ሰዓት አትቁጠሩ፤ የመድኃኒቱን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

እርምጃ 6፦ ቤቱ

እዚህ ላይ ብዙ ድካም አይባክን። ባለፉት ሁለት ቀናት ራሷን የነካውን ብቻ ያዙ፤ የትራስ ጨርቅ፣ አንሶላ፣ ሻሽ፣ ሂጃብ፣ ነጠላ፣ ኮፍያ። በሙቅ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ ካውያ ካለ ይተኮስ። የማይታጠበው በፌስታል ታስሮ ለሁለት ሳምንት ይቀመጥ። ቤት ውስጥ መርዝ መርጨት ጥቅም የለውም። ፍራሽ አውጥቶ ማቃጠልማ ለጎረቤት አዋጅ መንገር ነው።

እርምጃ 7፦ ልምምድ፣ በተለይ "እንቢ" ማለትን

ሚዶ፣ ሻሽና የፀጉር ላስቲክ አትዋዋሱ ብሎ መናገር ቀላል ነው። ከልጅቷ አንፃር ግን ሚዶ መከልከል ጓደኛን መስደብ ነው። ስለዚህ በክበቡ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው በጨዋታ መልክ ይለማመዱት። አንዷ ትለምን፣ ሌላዋ ሳታስቀይም ትመልስ። ልጆቹ ራሳቸው የተሻለ ቃል ያወጣሉ፤ ከሚሠሩት አንዱ ነገሩን በእናት ማላከክ ነው፦ "እማዬ ሚዶ እንዳላውስ ከልክላኛለች፤ ነይ በጣቴ ላስተካክልልሽ።" ሌላዋ ሳቅ አድርጋ "የኔ ሚዶ ቀናተኛ ነው" ብትልም ይሠራል። ለመምህሯ መናገርንም ይለማመዱት፦ "ቲቸር፣ ለብቻ የምነግርሽ አለኝ" ማለት ብቻ ይበቃል፤ ቅማል የሚለውን ቃል ማንሳት አያስፈልጋትም።

ሐቁ ግን ይነገር፤ ዋናው መተላለፊያ ዕቃ ሳይሆን የራስ ለራስ ንክኪ ነው። ጓደኛሞች ራሳቸውን አያገናኙ ብሎ መከልከል አይቻልም፣ አያምርምም። የሚቻለው ቅማል ሲታወጅ ፀጉርን ወደ ኋላ ማሰር፣ ከዚያም ቋሚ የፍተሻ ቀን መያዝ ነው። ቅዳሜ ለብዙ ቤት የፀጉር መታጠቢያ ቀን ስለሆነ ከሱ ጋር አያይዙት። ዓርብ በዕረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው "ነገ ሚዶ!" ብሎ አንድ ጊዜ ቢያስታውስ ይበቃል፤ ገለጻ አያብዛ።

ከገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት የሚከራዩ ልጃገረዶችን አትርሷቸው። ሦስት ሆነው በአንድ ፍራሽ ይተኛሉ፣ በየሳምንቱ ስንቅ ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፣ ፀጉራቸውን የሚያይላቸው እናት አጠገባቸው የለችም። አንዷ ብቻ ብትታከም ከንቱ ነው። ለእነሱ አንድ ሚዶ በጋራ ሳይሆን ለየራሳቸው፣ የመነከሪያውን ጣሳ ደግሞ በጋራ ስጧቸው፤ እሑድ ማታ ተራ በተራ ይበጣጠሩ።

እርምጃ 8፦ ለወላጅ መንገር

ልጅቷን ከትምህርት አታስቀሩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ጤነኛ ልጅ በቅማል ወይም በቅጫም ምክንያት ከትምህርት ገበታ እንዳትቀር ይመክራል። ቅማሉ በተገኘበት ቀን ልጅቷ ምናልባት ወር ያህል ተሸክማው ቆይታለች፤ ዛሬ ከሰዓት ቢወጣ ባይወጣ ለክፍሉ ልዩነት የለውም፤ ለእሷ ግን አለው። ቀኑን ትጨርስና ማታ ሕክምናው ይጀመር።

መልእክቱ ለሁሉም የክፍሉ ወላጆች አንድ ዓይነት ይሁን፦ "በክፍላችን የራስ ቅማል ታይቷል። ከንጽሕና ጉድለት የሚመጣ አይደለም። እባክዎ ዛሬ ማታ የልጅዎን ፀጉር አርጥበው በጥቅጥቅ ሚዶ ይዩ፣ በየአራት ቀኑም ይድገሙት። ላምባና የተባይ መድኃኒት አይቀቡ።" የተገኘባት ልጅ እናት ጋ ግን በአካል ወይም በስልክ ተነጋገሩ። "እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ልጅዎ በትምህርቷ ጎበዝ ናት። አንድ በሁሉም ቤት የሚገባ ነገር ላማክርዎ ብዬ ነው" ብላችሁ ጀምሩ። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ልጅቷ ራሷ መልእክተኛ ናት፤ አሠራሩን በእጇ ካወቀችው እናቷን ታስተምራለች።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ እናቶች ከትምህርት ቤቱ ነርስ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ "ልጄን ነው የሚሉት" ብላችሁ አትቆጡ። ብዙ ጊዜ ለክፍሉ ሁሉ የተላከ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፐርሜትሪን 1% ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል።

እርምጃ 9፦ መቼ፣ መቼ

ቅማል የሚበዛው ልጆች ከዘመድ ጋር አብረው ከተኙበት ጊዜ በኋላ ነው። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹ የፍተሻ ጊዜያት መስከረም ትምህርት እንደተከፈተ፣ ከገና በኋላ፣ ከፋሲካ በኋላ ይሁኑ። ለበዓል የተሠራ ሹሩባ የሚፈታበትን ቀን ከፍተሻው ጋር አገጣጥሙት፤ ድጋሚ እንድትፈታ ስትጠየቅ ማንም ልጅ ደስ አይላትም።

ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ የወረቀት ጥያቄ ድገሙ። "ቅማል ምንድን ነው?" ብላችሁ አትፈትኑ፤ ያንን ሁሉም ይመልሳል። ባለፈው ሳምንት ፀጉሯን ማን እንዳየላት፣ ሚዶዋን ለማን እንዳዋሰች፣ ቢገኝባት ለማን እንደምትነግር ጠይቁ። "ለማንም" የሚለው መልስ ከቀነሰ ሥራው ይዟል። ካልቀነሰ ስድቡ አሁንም ክፍሉ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ከሚዶው በፊት ወደ እሱ ተመለሱ። የሚሳደቡት ወንዶቹ ከሆኑ ለእነሱም ያንኑ ትምህርት ስጡ፤ ቅማል ፆታ አይመርጥም።

ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬደው ምልክት ይህ ነው፦ የራስ ቆዳ መግል ከያዘ፣ ቅርፊት ሠርቶ ፀጉሩን ካጣበቀ፣ ከጆሮ ጀርባና አንገት ላይ እጢ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ። በቦታ በቦታ ፀጉር ተነቅሎ ክብ ራሰ በራ ከታየ ግን ነገሩ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ቆረቆር የሚውጡት መድኃኒት ስለሚያስፈልገው በሚዶም በሻምፖም አይድንም።